መሰካትና መግባባት፦ ከኮምፒውተር ፖርት ታሪክ

ዛሬ ኪቦርድ፣ ማውስ ወይም ፕሪንተር ገዝቶ የመጣ ሰው ከዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ፖርቶች በአንዱ ይሰካዋል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዕቃው ሥራ ይጀምራል። የትኛው ሽቦ ምን እንደሚሠራ፣ ሁለቱ ዕቃዎች በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ እንዲያውቅ ማንም አይጠብቅበትም። ይህ የሆነው ቴክኖሎጂ ስላደገ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። የፖርቶችን ታሪክ ከ1960 ጀምሮ ለተከታተለ ግን ይህ መልስ አያጠግብም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፒውተርና ተጓዳኝ ዕቃው እንዲግባቡ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ያልተወሰነው ዕውቀቱን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የተሸከመው ተጠቃሚው ነበር። ሸክሙ ወደ አምራቾች የዞረውም ምህንድስናው በቻለበት ቀን አይደለም፤ የራሳቸው ገበያ ወይም የመንግሥት ሕግ ባስገደዳቸው ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሰፊ ስምምነት የተጻፈው የግል ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር በ1960 አርኤስ-232 የተባለውን ደንብ ሲያወጣ ያሰበው ለሁለት ዕቃዎች ብቻ ነበር፤ በአንድ ወገን ተርሚናል፣ በሌላው ወገን የተርሚናሉን ምልክት በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ ሞደም። የዚያ ዘመን ተርሚናል ራሱ አያሰላም፤ ሩቅ ካለ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ኪቦርድና ማተሚያ፣ ኋላ ደግሞ ኪቦርድና ስክሪን ነው። ደንቡ ለእያንዳንዱ ሽቦ ሥራ ሰጠው፤ ከ3 እስከ 15 ያለ አዎንታዊ ቮልት ዜሮን፣ በዚያው መጠን ያለ አሉታዊ ቮልት ደግሞ አንድን እንዲያመለክት ወሰነ። በ1969 የወጣው ሦስተኛ ማሻሻያ፣ አርኤስ-232-ሲ፣ ባለ 25 ፒን ሶኬቱን ይዞ በየቢሮውና በየዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ። ችግሩ የጀመረው ደንቡ ካሰበው ሥራ ውጭ ሲውል ነው። ተርሚናል በ2ኛው ፒን ይናገራል፣ በ3ኛው ይሰማል፤ ሞደም የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒውተርን ከፕሪንተር በቀጥታ ማገናኘት ሲፈለግ ከሁለቱ የትኛው በተርሚናል ቦታ፣ የትኛው በሞደም ቦታ እንደሚቆም ደንቡ አይናገርም። ሁለቱም ተርሚናል ሆነው ከተሠሩ በአንዱ ሽቦ ሁለቱም ይናገራሉ፣ በሌላው ሁለቱም ይጠብቃሉ። መፍትሔው ሽቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ የተሻገሩበት ሌላ ዓይነት ኬብል ነበር። ከኬብሉ በኋላ ፍጥነቱን፣ አንድ ፊደል በ7 ወይስ በ8 ቢት እንደሚላክ፣ የስህተት መቆጣጠሪያ ቢት መኖር አለመኖሩን፣ የፊደሉ ማብቂያ ስንት ቢት እንደሆነ፣ ተቀባዩ ሲሞላበት "ቆይ" የሚለው በምን እንደሆነ በሁለቱም ወገን እኩል ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። አንዱ ከተዛነፈ ስክሪኑ በዝባዝንኬ ምልክት ይሞላል፣ አለዚያም ጭራሽ ምንም አይወጣም። ቴክኒሻኖች የትኛው ሽቦ ሕያው እንደሆነ በትንንሽ መብራቶች የምታሳይ ሣጥን ይዘው ይዞሩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ በ1978 ያወጣው ቪቲ100 ተርሚናል እነዚህን ምርጫዎች ከኪቦርዱ መለወጥና በማኅደሩ ማስቀመጥ አስቻለ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ ትክክለኛውን ምርጫ ማወቅ ያኔም የተጠቃሚው ዕዳ ነበር።

ከሞደሙ ማዶ ደግሞ የንግድ ደንብ የዘጋው ሌላ በር ነበር። የአሜሪካ የስልክ መረብ በአብዛኛው በኤቲ ኤንድ ቲ እጅ በነበረበት ዘመን ኩባንያው ያላቀረበው ዕቃ ከመስመሩ ጋር በሽቦ እንዲገናኝ አይፈቀድም ነበር። ሰዎች የስልኩን እጀታ በሁለት የጎማ ስኒዎች ላይ አስተኝተው ሞደሙን በድምፅ ብቻ ከስልኩ ጋር ያነጋግሩ የነበረው ለዚህ ነው፤ የክፍሉ ጫጫታ እንኳ መልእክቱን ያበላሽ ነበር። በ1968 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በካርተርፎን ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው የሬዲዮ መገናኛን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ ሠርቶ ይሸጥ ነበር፤ ኮሚሽኑ መረቡን እስካልጎዳ ድረስ እንዲህ ያለ ዕቃ ሊከለከል አይገባም አለ። የስልክ ኩባንያው በመካከል የእኔን መከላከያ ዕቃ ተጠቀሙ ብሎ ለጥቂት ዓመታት ቢያንገራግርም፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣ ደንብ ማንም አምራች ዕቃውን አስመዝግቦ በመደበኛ የስልክ ሶኬት እንዲያገናኝ ፈቀደ። በ1981 ገበያ የወጣው የሄይስ ስማርትሞደም በአንድ በኩል በአርኤስ-232 ከኮምፒውተሩ፣ በሌላ በኩል በቀጥታ ከስልክ ግድግዳው የተሰካው በዚህ በተጠረገ መንገድ ነው። የሞደሙ ሽቦ ከስልኩ ሽቦ ጋር መገናኘት ከ1968 በፊትም ይችል ነበር፤ የጎደለው ፈቃድ ነበር።

የሶኬቶቹ ቅርጽም ቢሆን በጥልቅ ጥናት የተመረጠ አይደለም። ፕሪንተር ሠሪው ሴንትሮኒክስ በ1970 ሞዴል 101 ፕሪንተሩን ሲያቀርብ ስምንት ቢት በስምንት ሽቦ ጎን ለጎን የሚልክ፣ "ላክሁ"፣ "ደረሰኝ"፣ "ሥራ ላይ ነኝ" ለሚሉ ምልክቶች የየራሳቸው ሽቦ ያለው ፖርት ሠራ። ባለ 36 ፒኑ ሶኬት የተመረጠው ከሴንትሮኒክስ ጋር ግንኙነት የነበረው ዋንግ ላቦራቶሪስ ከሒሳብ ማሽን ሥራ የተረፉ ብዙ ሶኬቶች ስለነበሩት ነው። ሌሎች ፕሪንተር ሠሪዎች ተከተሉት፤ ያለ ማንም ፊርማ ልማድ ደንብ ሆነ። የኢንጂነሮች ማኅበሩ አይትሪፕልኢ 1284 በሚል ቁጥር በሥርዓት የጻፈው በ1994፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። አይቢኤም በነሐሴ 1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ የፕሪንተሩን ፖርት ከኮምፒውተሩ ወገን ባለ 25 ፒን አደረገው፤ ያው የአርኤስ-232 ቅርጽ መሆኑ ነው። የሚታየው ልዩነት አንዱ ወንዴ ሌላው ሴቴ መሆኑ ብቻ ነበር፤ በፕሪንተሩ ፖርት የሚሄደው ግን 5 ቮልት፣ በአርኤስ-232 የሚሄደው ከዚያ የበለጠና አሉታዊም የሚሆን ቮልት ነው። አፕል በ1986 በማኪንቶሽ ፕላስ ላይ ያንኑ ባለ 25 ፒን ለዲስክ ማገናኛ ተጠቀመበት። በመጀመሪያው የአይቢኤም ማሽን ጀርባ የኪቦርዱና የካሴት ማጫወቻው ሶኬቶች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ሁለቱም ባለ 5 ፒን፣ ሁለቱም ክብ ነበሩ። በ1987 ፒኤስ/2 በተባለው ተከታታይ ምርት ኪቦርድና ማውስ ትንሹን ባለ 6 ፒን ሶኬት ሲያገኙም አንድ ዓይነት ቅርጽ ተሰጣቸው፤ ተለዋውጠው ከተሰኩ ግን አይሠሩም። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ፒሲ 99 በተባለው መመሪያቸው ለኪቦርዱ ሐምራዊ፣ ለማውሱ አረንጓዴ ቀለም የወሰኑት ይህን ስህተት ለመቀነስ ነው። ቀለሙ እስኪመጣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ተጠቃሚው ከፖርቱ አጠገብ የተቀረጸችውን ደቃቅ ሥዕል እያየ ይገምት ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ መከራከሪያ ይነሣል። በዚያን ጊዜ ቺፕ ውድ ነበር፤ ማውስ ወይም ኪቦርድ "እኔ እንዲህ ነኝ" ብሎ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ውስጡ አሳቢ ነገር ማኖር ያስፈልግ ነበር፤ ሸክሙ በተጠቃሚው ላይ የወደቀው ክፋት ሆኖ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው ይባላል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይህ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አይደለም። የ1981ዱ የአይቢኤም ኪቦርድ ራሱ ውስጡ ኢንቴል 8048 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነበረው፤ ራሱን እንዲያስተዋውቅ አልታዘዘም እንጂ አቅም አልጎደለውም። ከእሱም በፊት በ1979 የወጡት አታሪ 400 እና 800 ዲስክ፣ ፕሪንተርና ካሴት አንዱ በሌላው ጀርባ እየተቀጠለ በአንድ መስመር የሚገናኙበት ፖርት ነበራቸው። እያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ነበረው፤ አንዳንዱም የሚሠራበትን ፕሮግራም ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይልክ ነበር። አታሪን ወደዚህ የገፋው ለተጠቃሚ ማዘኑ ብቻ እንዳልነበር ልብ ማለት ይገባል፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ማሽን የሬዲዮ ሞገድ እንዳያውክ የሚከለክለው ጥብቅ የአሜሪካ ደንብ ካርድ የሚሰካበት ክፍት ሣጥን እንዳይሠራ አድርጎት ነበር። የፖርቱ ነዳፊ ጆ ዴኪየር ከዓመታት በኋላ በዩኤስቢ ሥራም ተሳትፏል። በ1986 ደግሞ ስቲቭ ወዝኒያክ የነደፈው የአፕል ዴስክቶፕ ባስ በአራት ሽቦ ኪቦርድና ማውስን በአንድ መስመር አገናኘ፣ ኃይልም ሰጣቸው። ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ይዘው ቢገኙ ኮምፒውተሩ አንዱን ወደ ሌላ ቁጥር ያዛውረዋል። የዩኤስቢ ዋና ዋና ሐሳቦች ዩኤስቢ ከመወለዱ አሥር ዓመት ቀድመው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበሩ።

ታዲያ ለምን ዘገየ? አንዱ ምክንያት አለመግባባት ለሻጩ ትርፍ ስላለው ነው። አይቢኤም በ1964 ሲስተም/360ን ሲያውጅ ተጓዳኝ ዕቃዎቹ ሁሉ ከማናቸውም ሞዴል ጋር የሚገጥሙበት አንድ ወጥ ማገናኛ አደረገለት። ደንበኛው ተደሰተ፤ ወዲያው ግን ቴሌክስና ሜሞሬክስን የመሰሉ ኩባንያዎች በዚያው ማገናኛ የሚሰካ ርካሽ ዲስክና ቴፕ ይዘው መጡ። ቴሌክስ በአይቢኤም ላይ ያቀረበው ክስ በ1973 ለቴሌክስ ተፈርዶ በ1975 በይግባኝ ተሽሯል። ፍርዱ ወዴትም ቢያጋድል አምራቾች የተማሩት ትምህርት አንድ ነው፦ የታወቀ ፖርት ለተወዳዳሪ የተከፈተ በር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአይቢኤም ዓይነት ኮምፒውተር በብዙ ኩባንያዎች ሲሠራ አዲስ ፖርት በሁሉም ላይ ሊጭን የሚችል ባለቤት ጠፋ። ስካነር የሚያስገባ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ካርድ ይሰካል፤ በካርዱ ላይ ያሉ ደቃቅ መዝለያዎችን እያነሣ እየመለሰ ከሌላ ዕቃ ጋር የማይጋጭ ቁጥር ይፈልጋል። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ተከታታይ (የአርኤስ-232) ፖርት ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበትን አንድ የማቋረጫ መስመር ይጋሩ ስለነበር በአንዱ ማውስ፣ በሌላው ሞደም ያደረገ ሰው ሞደሙ ሲደውል ማውሱ ቀጥ ሊልበት ይችል ነበር። ይህን ሁሉ መማር የነበረበት ደብዳቤ ሊጽፍ ወይም ሒሳብ ሊሠራ ኮምፒውተር የገዛው ሰው ነው፤ ያልተገባ ጫና ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁኔታው የተለወጠው በዩኤስቢ ነው፤ በ1994 የዩኤስቢን ሥራ የጀመሩት ሰባት ኩባንያዎች ማንነት ለምን እንደተለወጠ ይገልጠዋል፦ ኮምፓክ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል። ኢንቴል የሚሸጠው ፕሮሰሰር፣ ማይክሮሶፍት የሚሸጠው ሶፍትዌር ነው። ፕሪንተር ማገናኘት ያቃተው ቤተሰብ ሁለተኛ ኮምፒውተር አይገዛም፤ ስለዚህ የተጠቃሚው መከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የእነሱ ኪሳራ ሆነ። የስልክ ዕቃ ሠሪው ኖርቴል መግባቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮምፒውተርን ከስልክ ጋር ማገናኘት በደንቡ መግቢያ ላይ ከተዘረዘሩት ዓላማዎች አንዱ ነው። በጥር 1996 የወጣው የመጀመሪያው ዩኤስቢ አራት ሽቦ ነበረው፦ 5 ቮልት፣ ምድር፣ ሁለት የመረጃ ሽቦዎች። ዕቃው ሲሰካ የኃይሉ ፒኖች ረዘም ስለሚሉ ቀድመው ይነካሉ። በዕቃው ውስጥ ያለች አንዲት ሬዚስተር ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች አንዱን ወደ ላይ ትስባለች፤ በዚህም ኮምፒውተሩ ዕቃው መሰካቱንም ፍጥነቱንም ያውቃል። ቀጥሎ ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ሰጥቶ ማን ሠራህ፣ ምን ዓይነት ነህ፣ ምን ያህል ኃይል ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቃል። ኪቦርድና ማውስ የጋራ ምድብ ስላላቸው ከማንም ፋብሪካ ቢመጡ በአንድ ድራይቨር ይሠራሉ። ቴክኒሻኑ በመብራት ሣጥኑ ይፈልገው የነበረው መልስ አሁን ዕቃው ራሱ የሚሰጠው ሆነ። ደንቡ በ1996 ቢወጣም ዕቃው በብዛት የመጣው ግን ከ1998 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ቺካጎ ላይ ቢል ጌትስ ባለበት ስካነር ሲሰካ ዊንዶውስ 98 በሕዝብ ፊት ተበላሽቶ ቆመ፤ ከተጠቃሚው ላይ የተነሣው ሸክም ለፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያን ዕለት ታየ። በነሐሴ ደግሞ አፕል የድሮ ፖርቶቹን ነቅሎ ለተጓዳኝ ዕቃዎች ሁለት ዩኤስቢ ብቻ ያለውን አይማክ ሸጠ፤ ተጓዳኝ ዕቃ ሠሪዎችም ምርጫ አልነበራቸውም።

ዩኤስቢ ያሸነፈው የተሻለ ስለነበረ ነው የሚል ካለ የፋየርዋየርን ዕጣ ይመልከት። አይትሪፕልኢ 1394 ተብሎ በ1995 የጸደቀው ይህ ማገናኛ በሰከንድ እስከ 400 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር፤ የያኔው ዩኤስቢ ጣሪያ 12 ሜጋቢት ነው። ፋየርዋየር ዕቃዎች ያለ ኮምፒውተር እርስ በርስ እንዲነጋገሩም ይፈቅዳል፤ በዩኤስቢ ግን ዕቃው ካልተጠየቀ አይናገርም። ብልጫ ያለው ማገናኛ በየዕቃው የባለ መብት ክፍያ ተጠየቀበት፣ ቺፑም ውድ ነበር። የዩኤስቢ ባለቤቶች ግን ደንቡን ያለ ባለ መብት ክፍያ ለቀቁት፤ ማውስን ለመሰለ ርካሽ ዕቃ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚሄድ ዝቅተኛ ፍጥነትም ለይተው አስቀመጡ። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ለኪቦርዱ 400 ሜጋቢት አልነበረም፤ ስለ ኪቦርዱ እንዳያስብ ነበር።

በዚህ ሽግግር የጠፋ ነገር የለም ማለት ግን ሐቅን መካድ ነው። የድሮው የፕሪንተር ፖርት ጥቂት ሽቦና አንድ አጭር ፕሮግራም ላለው ተማሪ ትንሽ መብራት ወይም ሞተር የሚያዝበት ክፍት መማሪያ ነበር። ዩኤስቢ ዕቃ ሠርቶ በራሱ ስም መሸጥ የፈለገ ሰው ግን የአምራች መለያ ቁጥር ደንቡን ከሚያስተዳድረው የዩኤስቢ ማኅበር መውሰድ፣ ለዚያም በሺህ የሚቆጠር ዶላር መክፈል አለበት። ለብዙኃኑ የቀለለው ለጥቂት ጠያቂ እጆች ከበደ። ሆኖም ልውውጡ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ለዚህም ለእኛ ቅርብ የሆነ ማስረጃ አለ። በጥንቱ ተርሚናል ስምምነት ኪቦርዱ የሚልከው ራሱን ፊደሉን ነበር፤ ፊደላትን በቁጥር የሚወክለው የአስኪ ሰንጠረዥ ደግሞ 128 ቦታዎች ብቻ አሉት፣ ከእነሱም ለሚታዩ ምልክቶች የቀሩት 95 ናቸው። 33 ፊደላት በ7 ቅርጽ፣ ማለትም 231 ሆሄያት ላሉት ለአማርኛ ጽሕፈት እዚያ ቦታ አልነበረም። የግል ኮምፒውተሩ ኪቦርድ ግን የተነካችውን ቁልፍ ቁጥር ብቻ ይልካል፤ ቁልፏ የትኛው ፊደል ናት የሚለውን ሶፍትዌር ይወስናል፤ ዩኤስቢም ይህን ልማድ ጠብቆታል። ሸክሙ ከዕቃው ወደ ሶፍትዌር ስለወረደ አዲስ ኪቦርድ ማሠራት ሳያስፈልግ በማንኛውም የእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ ተቻለ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የጋራ ቁጥር ሲሰጠው ቀሪው እንቅፋት ተነሣ።

አሁን የሚያሳስበኝ ሸክሙ ወደ ተጠቃሚው እየተመለሰ መሆኑ ነው። በ2014 የወጣው ባለ 24 ፒን ዩኤስቢ-ሲ በየትኛውም ፊት የሚሰካ፣ ኃይልም መረጃም የስክሪን ምስልም በአንድ ቀዳዳ የሚያሳልፍ ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ችሎታው ለአምራቹ ምርጫ የተተወ ነው። ከሁለት መንትያ ኬብሎች አንዱ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ሲያስተላልፍ ሌላው የ2000ውን የ480 ሜጋቢት ጣሪያ አያልፍም፤ ከሁለት መንትያ ፖርቶች አንዱ ሞኒተር ሲያበራ ሌላው አያበራም፤ ልዩነቱም በሁሉም ላይ ተጽፎ አይገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ስልክና ታብሌትን የመሳሰሉ አዳዲስ ዕቃዎች በዩኤስቢ-ሲ እንዲሞሉ በሕግ አስገድዷል፤ ለላፕቶፖች የተቀጠረው ቀን ሚያዝያ 28 ቀን 2026 ነው። ሕጉ ባይመጣ አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ሶኬት ይለቁ ነበር ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ እደግፈዋለሁ። ይሁንና ሕጉ በዋናነት ያስገደደው የሶኬቱን ቅርጽና አሞላሉን ነው፤ የመረጃ ፍጥነቱንና ምስል የማሳለፍ ችሎታውን ለአምራቹ ትቶታል። በጅምላ ኮምፒውተር የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ "ዩኤስቢ-ሲ ያለው" ብለው አያብቁ። የእያንዳንዱን ፖርት ፍጥነት በጊጋቢት፣ የሚሰጠውን ኃይል በዋት፣ ሞኒተር ማብራት አለማብራቱን ለይተው ይጻፉ፤ ይህን ሁሉ የሚችል ኬብልም አብሮ እንዲቀርብላቸው ሻጩን ይጠይቁ።